ታንጉት ምን አቀመሰችው?

ታንጉት ሰው ስትንቅ አትሳደብም። ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ቅቤዋ ትመለሳለች። በሆሳዕና ገበያ በዚያ አስተያየት ያልታየ ሰው ጥቂት ነው። ቀረጥ ሰብሳቢው ታይቷል። ባሏ በሞተ ጊዜ ሴት ብቻዋን ሱቅ አትይዝም እያሉ ከጉራጌ አገር የመጡት የባሏ ወንድሞች ታይተው በመጡበት የጭነት መኪና ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ባል ሊፈልጉላት ደፋ ቀና ሲሉ የነበሩ ጎረቤቶችም ታይተው አርፈዋል።

ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል። ልጅ ሳለች የያዛት ፈንጣጣ ፊቷን እንደ ተወቀረ ወፍጮ አድርጎት ነው የሄደው። ድምጿ ወፍራም፣ ዳሌዋ ደረቅ፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ ሰፊ ነው። ከባሏ ጋር በኖረችበት ዘመን ሁሉ አልወለደችም። ይህ የሚነገረው እሷን ለማሳነስ አይደለም፤ ኋላ በችሎት ፊት አንድ በአንድ እየተቆጠረ የተነሣባት ይኸው ስለሆነ ነው።

ተረፈ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሞርሲቶ አጠገብ ተወልዶ፣ ሚሲዮን ፊደል ቆጥሮ፣ አዲስ አበባ ሠልጥኖ የመጣ ልጅ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ቁመቱ መለሎ፣ ጥርሱ በረዶ፣ ከረባቱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላት የሆሳዕና እናት ሁሉ ስሙን ታውቃለች፤ ደመወዙንም ታውቃለች።

የታኅሣሡ ግርግር ወሬ ገና ከሰው አፍ ሳይወጣ፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ ይህ ልጅ ለቤት አከራዩ ስጦታ የሚሆን ቅቤ ፍለጋ ታንጉት ሱቅ ገባ። በኮባ የተጠቀለለውን አንሥቶ አሸተተና ሽታው ተቀይሯል አላት። ታንጉት ቅቤዋን እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ኮባውን ፈታ ከመሐሉ በአውራ ጣቷ ቆርሳ፣ ይቅመሱ፣ ብላ ዘረጋችለት። መምህሩ ግራ ቀኝ አየ፣ ከረባቱን በአንድ እጁ ያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ቀመሰ። ቀና ሲልም፣ ተሳስቻለሁ አለ። ከረባት ያሰረ ሰው ይህን ቃል ሲናገር ታንጉት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ነገሩ የጀመረው ቃሉን ከመስማቷ በፊት ነው፤ ጎንበስ ሲል ከበሩ የገባው ፀሐይ ጆሮውን ከኋላ መታው፣ ጠርዙ ቀላ፣ እሷም ዓይኗን ከዚያ መንቀል አቃታት።

ከዚያ በኋላ ተረፈ ብቻውን የሚኖር ሰው የማይጨርሰውን ቅቤ በየገበያው ቀን ይገዛ ጀመር። ለአከራዩ ሰጠ፣ ለመምህራኑ ሰጠ፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠ። የቀረው በክፍሉ ጥግ እየቀለጠ ጉንዳን ሰበሰበ። ታንጉት ሞኝ አይደለችም፤ ገባት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተናደደች። አንድ ገበያ ሳይመጣ ሲቀር ግን እጇ አልታዘዝ ብሎ ለአንዲት ደንበኛ አስበልጣ መዘነችላት። ያኔ ታንጉት ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች።

ባሏ ደግ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር በተኛች ቁጥር የነገውን ገበያ ታስብ ነበር። አሁን ገበያው መሐል ቆማ የምታስበው የሰው ልጅ ጆሮ ነው። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ነገሩን አላበረደውም፤ እንዲያውም አጋለው።

ክረምቱ ሲገባ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆነ። እንዴት እንደ ሆነ የሁለቱ ጉዳይ ነው። ተረፈ ግን በድብቅ የሚኖር ሰው አልነበረምና ሽማግሌ ልላክ አለ። ታንጉት ከተማው ይበላሃል አለችው። ይብላኝ አለ። እሷም ይህን ድፍረት ወደደችለት፤ ከተማው ሲበላ ምን እንደሚመስል ገና እንዳላየ ግን አወቀች።

መጀመሪያ የሰማችው እናቱ ወይዘሮ ገነቴ ናት። ሟቹ ባሏ አቶ ጴጥሮስ በሞርሲቶ ከመጀመሪያዎቹ የሚሲዮን አማኞች አንዱ፣ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ገነቴ በበቅሎ ሆሳዕና ደርሳ፣ ልጇን ሳታገኝ በፊት ታንጉት ሱቅ ደጃፍ ቆማ ሴትዮዋን አየቻት። ፊቷን አየች፣ እጇን አየች። ከዚያ አብራት ለመጣች ዘመዷ በሀዲይኛ ተናገረች። ታንጉት ዕድሜዋን ሙሉ ከሀዲያ ሴቶች ቅቤ ስትገዛ የኖረች ናትና ቃል በቃል ሰማች። «ምን አቀመሰችው?» ነበር ያለችው።

ይህች ጥያቄ በአንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰች። ሱቅ በደጁ፣ ጠጅ ቤት፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በረንዳ፣ ሁሉም ምን አቀመሰችው ይላል። ታንጉትን ያስገረማት ሐሜቱ አይደለም። ያስገረማት በከተማው የነበረው የሊቅ ብዛት ነው። እስከዚያ ቀን ስለ ከብት በሽታና ስለ ቡና ዋጋ እንኳ እርግጠኛ ሆኖ የማይናገር ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴትን ለምን እንደሚመኝ ጠንቅቆ ያውቅ ኖሯል።

ከሁሉ ቀድሞ ወንጌላዊ ማቴዎስ ተጠራ። ወንጌላዊው ለተረፈ ጾምና ጸሎት አዘዘለት፤ ለእናቱም ነገሩን አብራራላት። እግዚአብሔር ምኞትን በሰው ውስጥ ያኖረው ብዙ ተባዙ ለሚለው ትእዛዙ ነው፤ ስለዚህ ማሕፀኗ ወደ ደረቀ ሴት የሚስብ ምኞት ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከሌላው ወገን ነው አለ። ይህ ቃል ታንጉት ሱቅ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የወንጌላዊው ሚስት ዐሥራ ሁለተኛውን ወልዳ ማብቃቷን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ታንጉት ወሬውን ያመጣችላትን ደንበኛ፣ ከዚያ ወዲህ ወንጌላዊው ሚስቱን በሌላ አልጋ ነው የሚያስተኛት ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ደንበኛዋ ቅቤዋን ይዛ ወጣች።

ቀጥሎ የመጣው ሳይንስ ነው። ሳይንስ በሆሳዕና ድሬሰር ብዙነህ ነበር። አዲስ አበባ የጤና ኮርስ ወስዶ ነጭ ጋወን ለብሶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ጋወኑን ጠጅ ቤትም አያወልቀውም። ነገሩ አጋንንትም መድኃኒትም አይደለም አለ ለተሰበሰበው ሰው። በሰው አንጎል ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ከእሷ የሚመነጨው ፈሳሽ ወደ ደም ሲገባ ወንድ ዓይኑን ይከፍትና ጤነኛ ልጅ የምትወልድለትን ሴት ይመርጣል፤ ቆዳዋ የለሰለሰ፣ ዳሌዋ የሰፋ፣ ዕድሜዋ ያነሰ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በሬም በዚሁ ነው የሚሄድ። ታዲያ የተረፈ ዓይን በታንጉት ላይ ከወደቀ የእሱ ዕጢ ታማለች ማለት ነው፤ የታመመ ዕጢ ደግሞ በመርፌ ይታከማል። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የብዙነህ ሚስት ቆዳዋ እንደ ሐር፣ ዳሌዋ እንደ ቅርጫት መሆኑን፣ ብዙነህ ግን ከሥራ እንደ ወጣ የሚገኘው ጥርሷ ካለቀው ጠላ ሻጭ ደጅ መሆኑን ያነሣ አንድም ሰው የለም። ሳይንስን ደፍሮ የሚጠይቅ ጠፋ።

መርፌው ተወጋ፣ ጸሎቱ ተጸለየ፣ ተረፈ አሁንም በገበያ ቀን ታንጉት ሱቅ ይታያል። ያኔ ወይዘሮ ገነቴ፣ የአቶ ጴጥሮስ ሚስት፣ ጥንቆላን ካወገዘች ስንት ዘመኗ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ቤት በጓሮ ገባች። መሪጌታው የልጇን ስም ጠየቃት፣ የሷን የእናትየዋን ስም ጠየቃት፣ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ገደፈ። የልጅሽ ኮከብ ውኃ ነው፣ የሴትዮዋ እሳት ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ኮከቦች በውዴታቸው አይገናኙም፣ ያገናኛቸው መስተፋቅር ነው አላት። የተሰጠውም በቅቤ ነው። ማርከሻውን በጠርሙስ አድርጎ ሰጣት። ታንጉትን ከሁሉ ያበገናት ይህ ነው፤ መሪጌታው የገዛ ደብሯ ሰው፣ ባሏን የቀበረላት፣ በየዓውደ ዓመቱ ቅቤዋን በነጻ የሚበላ ነበር። የእሷን ኮከብ እሳት ነው ሲል የእናቷን ስም እንኳ አልጠየቃትም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ ወደ ሱቋ መጣች። ጵርስቅላ ትባላለች፤ ከተረፈ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ የጃጁራ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ለተረፈ ያጯት እሷን ነበር። መልኳን ለመናገር ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ድሬሰሩ የዘረዘረው ሁሉ አላት። ታንጉት ስድብ ልትቀበል ተዘጋጅታ ጠበቀቻት።

ልጅቷ ግን በርጩማው ላይ ተቀመጠችና፣ «እትዬ ታንጉት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ» አለች።

«ጠይቂ።»

«መምህር ተረፈ አጠገቤ ሲቀመጥ የበቆሎ ጆንያ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል። እሱም እንደዚያው ነው፣ አውቃለሁ። ምንም የጎደለን ነገር የለም፣ ሁሉም ይመርቀናል። ለምን ይመስልዎታል?»

ታንጉት ይህችን ልጅ ከላይ እስከ ታች ልታያት ዓይኗን አንሥታ ነበር፣ ግን ተወችው። እንግዲህ ወንጌላዊው፣ ድሬሰሩና መሪጌታው ይህን ያህል ሲያውቁ፣ ሁለት የተመረቁ ቆንጆዎች ለምን እንደማይፈላለጉ ምነው አንድ ሰው ቀርቦ አልጠየቃቸው? እሱ በሽታ አይባልም። ኮከብ አይቆጠርለትም። መርፌም የለው። «አላውቅም ልጄ» አለቻት። ከልቧ ያለችው ይህን ነበር፤ ልጅቷም ከልቧ መሆኑን አይታ ተሰናብታት ሄደች።

ማርከሻውም ሳይሠራ ሲቀር ገነቴ አጥቢያ ዳኛው ግራዝማች ወልደኪዳን ዘንድ ከሰሰች። ክሱ ታንጉት በቅቤ መድኃኒት አብልታ የልጄን አእምሮ አስታለች የሚል ነው። በችሎቱ ቀን ጠዋት የግራዝማች አጥር ግቢ እንደ ገበያ ሞላ። ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ አሉ። ሦስቱ ሊቃውንት በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ወንጌላዊውና መሪጌታው ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው አያውቁም፣ ታንጉት ናት ያስታረቀቻቸው።

አንድ በአንድ እየተነሡ ያንኑ ደገሙት። አዲሱ ነገር አሁን እሷ ፊት ለፊት ቆማ መሆኑ ብቻ ነው። ወንጌላዊው ማሕፀኗን አነሣ። ድሬሰሩ ፊቷን በጣቱ እያመለከተ፣ ዳሌዋን በሁለት እጁ በአየር ላይ እየለካ፣ ይህ አካል በሳይንስ ሕግ ጤነኛ ወንድን ሊስብ እንደማይችል ለዳኛው አስረዳ። መሪጌታው የጅብ ምላስና የእርግብ ልብ እንዴት በቅቤ እንደሚለወስ ዘረዘረ፤ ይህን ከየት ዐወቁት ያለው ግን የለም። ታንጉት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ከተማው ዛሬ የተሰበሰበው አንዲት አስቀያሚ ሴት መፈለጓን ይቅር ማለት አቅቶት ነው፤ ቀሪው ሁሉ ዕጢም ኮከብም የዚያ ልባስ ነው።

ግራዝማች በመጨረሻ ወደ እሷ ዞሩ።

«ምን አበላሽው?»

«ቅቤ።»

«ምን የገባበት?»

«ጨው እንኳ የለውም፣ ጌታዬ።»

ሰው ሳቀ። ግራዝማችም ጢማቸውን ዳሰሱና፣ ታዲያ ይህን የመሰለ ወጣት አንቺን ምን ብሎ ተመኘ ሲሉ ጠየቋት።

ታንጉት፣ «እሱ እዚያ ቆሟል፣ እሱን ይጠይቁት» አለች። «እኔ የማውቀው እኔ እሱን ለምን እንደ ተመኘሁት ነው። ያን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሴት ልጅ ተመኘሁ ስትል በችሎት ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ይጠይቋት ይሆናል ብላ ጠበቀች። ግራዝማች አሳላቸው፣ ወደ ተረፈ ዞሩና እስቲ ተናገር ልጄ አሉት።

ተረፈ ከረባቱን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ። እሷ ያ ከጣቷ የቀመሰ፣ ከተማው ይብላኝ ያለ ልጅ ሊናገር ነው ብላ ቀና አለች። እሱም ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ መምህር ነው። ስሜቱን ራሱ እንደ መረመረ፣ ማንንም ቅር እንዳይለው ሁሉንም መንገድ እንደ ሞከረ አስረዳ። ወንጌላዊው ያዘዘውን ጾመ። ድሬሰሩ ያዘዘውን መርፌ ተወጋ። ለእናቱ ሲል የመሪጌታውንም ማርከሻ ጠጣ፣ ሁለት ቀን አስመለሰው። «ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍቅሬ ንቅንቅ አላለም» ብሎ ጨረሰ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ አደነቀው። እናቱ አለቀሰች።

ጾሙንና መርፌውን ታንጉት ሰምታ ለእናቱ ሲል ነው ብላ አልፋው ነበር። ማርከሻውን መጠጣቱን ግን የሰማችው ያን ሰዓት ነው።

ፍርዱ አልዘገየም። ግራዝማች፣ ማርከሻ ጠጥቶ ያልሻረው መጀመሪያውንም አልተመረዘም፣ ልጁም ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ክሱን ዘግቼዋለሁ አሉ። መሪጌታው መጠኑ አንሶ ነው ብሎ ሊከራከር ተነሣ፣ ተቀመጥ ተባለ። ከዚያ ግራዝማች፣ ሦስት ሚስት ያገቡና ሦስቱንም የፈቱ ሰው፣ ጣታቸውን አንሥተው የራሳቸውን ጨመሩበት፤ «ፍቅር ዕውር ነው» አሉ። ሕዝቡ እንደ ትልቅ ነገር ተቀበለው። ተረፈ ግን ዕውር አልነበረም። ያን ፊት በቀትር ብርሃን፣ ጠባሳውን በጣቱ ጫፍ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ ያየ ሰው ነው። ያ ነው እንግዲህ ያንገበገባት።

በማግስቱ እየሳቀ ሱቋ መጣ፤ ረታን አላት። ታንጉት በርጩማ አልሳበችለትም።

«ጠጣህ?»

«ጠጣሁ። ምንም እንዳልሆነ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«ቢሠራስ ኖሮ?»

ተረፈ ከረባቱን ያዝ አደረገ።

«ቢሠራ ኖሮ ዛሬ እዚህ አትቆምም። ጠርሙሱን ስታነሣ ያንን ታውቅ ነበር።»

«አልሠራም እኮ፣ ታንጉት።»

«እኔ የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

ከዚያ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ አንድ ነገር ገባውና፣ ትናንት ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅሽ፣ አንቺ ለምን ወደድሽኝ አላት። ታንጉት ለዚህ ጥያቄ ስንት ጊዜ መልስ ስታሰናዳ ከርማለች። በችሎት ብትጠየቅ ኖሮ አፋቸውን የምታስይዝበት ነገር ያላት ይመስላት ነበር። አሁን አፏን ስትከፍት የወጣው «ጆሮህ» የሚል ብቻ ሆነ። ተረፈ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። እሷም ተናደደች፤ በእሱ አይደለም፣ በራሷ ነው። ይህን ሁሉ ሊቅ ስትንቅ ከርማ የገዛ ምክንያቷ ሲወጣ ከመሪጌታው ኮከብ ቆጠራ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሂድልኝ አለችው። ሄደ።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። የሞርሲቶ መንገድ ጭቃ ሆኖ ቅቤ የሚያመጡት ሴቶች እየዘገዩ ይደርሳሉ፣ እሷም ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ተረፈን ትንቃለች። በደንብ አድርጋ ናቀችው። እናቱን የሚፈራ፣ ራሱን እንደ ታመመ በሬ ለሁሉም ያስመረመረ፣ በዚያም የኮራ ሰው ነው። አንዱም ውሸት አልነበረም። ንቀት ምኞትን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ታንጉት በሆሳዕና ካሉ ሴቶች ሁሉ ቀድማ ትድን ነበር። አልዳነችም። በደጅ የጫማ ኮቴ ሲሰማ አንገቷ ወደ መንገዱ ይዞራል፤ ትመልሰዋለች፣ ይዞራል።

በመስከረም ጵርስቅላ መጥታ የሆነውን ነገረቻት። ወይዘሮ ገነቴ መሪጌታው አጠንክሮ የሠራውን ሁለተኛ ጠርሙስ ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ነበር፤ በመምህራኑ ፊት ልጇን ጠጣ ብላ ለመነችው፣ ተንበረከከችም። ተረፈ እናቱን ከመሬት አነሣ፣ ጠርሙሱን ተቀበለና ቡሹን ነቅሎ ሣሩ ላይ ደፋው። እናቱ ለምን፣ ለምን ትለዋለች። መምህራኑም ዙሪያውን ከብበው ንግግር ይጠብቃሉ። ምንም አልተናገረም፤ ባዶውን ጠርሙስ መለሰላትና ወደ ክፍሉ ገባ። ጵርስቅላ ይህን ስትናገር ደስ ብሏት ነበር፤ ጆንያው ተንቀሳቀሰ አለች። ታንጉት ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዞረች፣ ልጅቷ እንዳታየው።

በሚቀጥለው ገበያ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ተረፈ መጣ። ከረባት አላሰረም። ቅቤ የሚገዙት ሴቶች መንገድ ለቀቁለትና ጆሯቸውን አቆሙ።

«ስንት ልመዝንልህ?» አለችው ታንጉት።

«ቅቤ አልፈልግም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቆመ።

ታንጉት ለሴቶቹ የጀመረችውን መዝና ጨረሰች፣ ኮባውን አሰረች፣ እጇን ጠረገች። ከዚያ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለችው፤ «ግባ። ግን ከዛሬ ወዲያ ለምን እንደምትወደኝ ለማንም አታስረዳም። ከጠየቁህ፣ ቅቤው ነው በላቸው።»

የሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሊያጋባቸው አልወደደምና ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ። ግራዝማች ወልደኪዳን ሳይጠሩ መጥተው ያንኑ ቃላቸውን ደገሙ። ተረፈም እንደ ታዘዘው፣ የጠየቀውን ሁሉ ቅቤው ነው እያለ መለሰ፤ እሱ እንደ ቀልድ ያለውን ከተማው የምር አደረገው። በጥቂት ወራት ውስጥ የታንጉት ሱቅ ሰው የማይጠፋበት ሆነ። ባላቸው የቀዘቀዘባቸው፣ ልጃቸውን ሊድሩ ያሰቡ፣ ከጃጁራ ድረስ የመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከዚያኛው ስጭኝ» ይሏታል። ታንጉት ያንኑ አንድ ዓይነት ቅቤ ትመዝንላቸዋለች፤ ከላይ እስከ ታች ማየቷ አልቀረም። ድሬሰር ብዙነህ አንድ ቀን ለላቦራቶሪ ምርመራ ነው ብሎ መጠነኛ ቅቤ ወሰደ። ለሳይንስ ሲባል ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

ወይዘሮ ገነቴ ዓመት ሙሉ እግሯን ደጃቸው ሳታደርስ ቆየች። በኋላ ሕመም መጣና ሆሳዕና ለሕክምና ስትመጣ የምታርፍበት ሌላ ቤት አልነበራትም። ታንጉት አተካና ሠርታ፣ ቡላውን በወተትና በቅቤ አብስላ በጣባ አቀረበችላት። አማቷ አጎንብሳ አሸተተችው። ልጇን አየች፣ ምራቷን አየች። ከዚያ ዝም ብላ በላች፣ ጣባውንም ጠረገችው። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲያም ተዋደዱ አይባልም፤ ግን በሀዲይኛ ይጨቃጨቁ ጀመር፣ ያም በገነቴ በኩል ትልቅ ነገር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተረፈ ወደ ጊምቢቹ ተዛወረ። ታንጉት ሱቁን አስረክባ ሚዛኗን ጭና ተከተለችው። ዕቃ በሚያወርዱበት ቀን የአዲሱ ቤት ባለቤት፣ ጨዋ የሆነች ሽማግሌ ሴት፣ ወጥታ እጅ ነሣቻቸው። ስለ ሆሳዕና ወሬ የሰማችው ነገር አልነበረም። መምህሩን እንኳን ደህና መጣህ ካለችው በኋላ ወደ ታንጉት ዞር ብላ፣ እናትህ ናቸው መሰለኝ፣ እሳቸውም እንኳን ደህና መጡ አለች።

ታንጉት ሚዛኗን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። የምትለው ነገር ነበራት፣ ግን ጠበቀች።

«ባለቤቴ ናት» አለ ተረፈ።

አሮጊቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ማብራሪያ በትሕትና ስትጠባበቅ ቆየች። ተረፈ ግን ጎንበስ ብሎ ትልቁን ሣጥን በትከሻው አነሣና በሩ ጠባብ ስለ ነበር በጎኑ ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ። ታንጉትም እግር በእግር ተከተለችው።